ባቡር፣ መኪና፣ ሞተር

ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ ጎጃም ገጠር ያሉት አያቱ በስልክ «ባቡር ደርሼ መጣሁ» ቢሉት የጣቢያና የሐዲድ ሥዕል በዓይነ ኅሊናው ይመጣበታል። በጎጃም ምድር ግን ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። አያቱ የደረሱት እህል ከሚፈጭበት ቤት ነው። በሀገር ቤት ገጠሮች በሞተር የሚሠራው ወፍጮ ዛሬም «ባቡር» ይባላል። ስሕተቱ የልጁ አይደለም፤ ቃሉ ለከተሜው እየጠበበ ሄዶ ለገጠሬው እንደ ጥንቱ ሰፊ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የ«ባቡር» ምንጭ እንፋሎት ማለት የሆነው የጣልያንኛ «ቫፖሬ» ነው። ቃሉ በወደብ ሠራተኞችና በነጋዴዎች አፍ እየተላለፈ በቱርክኛ «ቫፑር» የመርከብ ስም ሆኗል፤ በግብፅ ዐረብኛ ደግሞ «ዋቡር» ሲባል የእንፋሎት ሞተርም የጋዝ ምድጃም ነው። እኛም ዘንድ መጀመሪያ የሐዲድ ተሽከርካሪ ብቻ አልነበረም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ወደ አዲስ አበባ ያስገባው፣ ያለ ሐዲድ በመንገድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት መሣሪያ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። የመዲናይቱ ሰው እንግዲህ ባቡርን ከሐዲድ በፊት ያውቀው ነበር ማለት ነው። ሐዲዱ ሲመጣ «ምድር ባቡር» የተባለውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ባቡር በራሱ የሐዲድ ተሽከርካሪ ቢሆን ኖሮ «ምድር» የሚለው ቅጽል ምን ይሠራ ነበር?

«መኪና»ም ያው ዕጣ ደርሶታል። በጣልያንኛ ማናቸውም መሣሪያ ማለት ነው፤ በአማርኛም የልብስ ስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና፣ የማተሚያ መኪና ስንል የቀድሞው ስፋቱ አለ። ቅጽሉ ሲቀር ግን የሚታየን በአራት ጎማ የሚሄደው ብቻ ነው።

«ሞተር» ከአውሮፓ ልሳናት የመጣ ሦስተኛው እንግዳ ነው። ነዳጅ አቃጥሎ መኪናን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ነው፤ በኤሌክትሪክ ኃይል የውኃ መሳቢያን የሚያሽከረክረውም ሞተር ነው፤ ባለ ሁለት ጎማው ደግሞ «ሳይክል» የሚለው ቀርቶለት ራሱ ሞተር፣ ነጂውም ሞተረኛ ተብሏል። እንደ ቀደሙት ሁሉ ይህም ቃል ከመሣሪያው ወደ ተሽከርካሪው እያዘነበለ ነው። በጋራዥ ውስጥ በዙሪያው ያሉት ስሞች አብዛኞቹ የጣልያን ልጆች ናቸው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፈኖ፣ ጎማ፣ ጎማ ጠጋኙም ጎሚስታ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ የቆየው ጦር ተባርሮ ሲወጣ የመለዋወጫው ስም ከመካኒኩ አፍ አልወጣም። ግሡ ግን የራሳችን ነው። ሞተር ይነሣል፣ ይሞቃል፣ ይጠፋል፣ ዘይት ይበላል። «ሞተሩ ወርዷል» ሲባልም ወደቀ ማለት አይደለም፤ ለጥገና ከመኪናው ወጥቷል ማለት ነው። በጣልያንኛ ስም ላይ የአማርኛ ግሥ ተጭኖ ሦስት ትውልድ ሠርቷልና፣ በግዕዝ አዲስ ስም ፈጥረን እንተካው የሚሉትን ወገኖች ድካም አይታየኝም፤ መካኒኩ አይቀበላቸውም።

እዚህ ናይሮቢ ሌላ ፈተና ይጠብቀናል። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 ረግረጋማው ሜዳ ላይ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ስዋሂሊ ተናጋሪው ግን ስሙን ከእንፋሎቱ ሳይሆን ከጢሱ ወስዶ «ጋሪ ላ ሞሺ»፣ የጢስ ጋሪ፣ አለው። «ጋሪ» ከሕንድ የመጣ ቃል ሲሆን ዛሬ በስዋሂሊ መኪና ማለት ነው። ከሀገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ሆይ፣ «ጋሪ ልላክልህ» ቢሉህ ፈረስ አትጠብቅ! ባለ ሁለት ጎማው ሞተር ደግሞ ፒኪፒኪ ነው፤ ተሳፋሪ ሲጭን ቦዳቦዳ ይባላል። ይህም በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ሰው ያመላልሱ ከነበሩ ብስክሌቶች የተወረሰ፣ ድንበር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ስም ነው። «ሞቶ» በስዋሂሊ እሳት ማለት ስለሆነ፣ ኪሪንያጋ መንገድ ባሉት ጋራዦች ደጅ ቆሞ ስለ ሞተሩ የሚያወራ አበሻ «ኢንጂኒ» ቢል ይሻለዋል።

ቤት ሲገባ ግን ከልጆቹ ጋር ሞተር ይበል፤ ባቡርም ይበል፣ ወፍጮውን ጨምሮ። በስልክ የሚያናግሯቸው አያቶች የሚያውቁት ይህንኑ ነው።