ኢንተርፌሮንና ሉፐስ፦ ጠባቂው በገዛ ቤቱ ላይ ሲነሣ



እኔ ተማሪ በነበርሁበት ዘመን ኢንተርፌሮንን የተማርነው እንደ ጠባቂ ነበር። አይዛክስና ሊንደንማን እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ ያገኙት ይህ ሞለኪውል፣ በቫይረስ የተጠቃ ሕዋስ ጎረቤቶቹን የሚያስጠነቅቅበት መልእክተኛ ነው።

በ1979 ግን ይኸው ጠባቂ በሉፐስ ሕሙማን ደም ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በገዛ አካሉ ላይ የሚነሣበት ሕመም ነው። ታዲያ ኢንተርፌሮን እሳቱ ነው ወይስ ጭሱ? አብሮ መገኘት መንስኤ መሆን አይደለምና የደም ምርመራ ብቻውን ሊመልሰው አልቻለም።

ፍንጩ የመጣው ከካንሰር ሕክምና ነው። በ1990 የስዊድን ሐኪሞች፣ ኢንተርፌሮን አልፋ ይሰጣቸው የነበሩ አንድ የካንሰር ታካሚ ሉፐስ እንደያዛቸው ጻፉ። አንድ ታካሚ ማስረጃ አይሆንም፤ አቅጣጫ ግን ያሳያል። በ2003 የታተሙ ጥናቶች በብዙ ሕሙማን የደም ሕዋሳት ውስጥ ኢንተርፌሮን የሚያዛቸው ዘረመሎች ከልክ በላይ እንደሚሠሩ ገለጡ። በ2021 የኢንተርፌሮንን መቀበያ የሚዘጋው አኒፍሮሉማብ በአሜሪካ ተፈቀደ።

መድኃኒቱን በሚወስዱ ሕሙማን ላይ አልማዝ ባለጭራ በርከት ብሎ ይታያል፤ የታሰረው ከሳሽ ብቻ ሳይሆን ዘበኛም ነበርና።

ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው፦ «የጎንዮሽ ጉዳት» ብላችሁ በመዝገብ ጥግ የምታሰፍሩትን በጥንቃቄ ጻፉ። የአንድ ታካሚ ሥቃይ ለብዙዎች መልስ ሊሆን ይችላል።