ከጣውላ እስከ ጉባኤ፦ «ቦርድ» የተባለው ቃል የሄደበት መንገድ

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእንግሊዝኛ መጽሐፉ ውስጥ መንገደኞቹ «ኦን ቦርድ» ነበሩ የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያጋጥመውና «ሰሌዳ ላይ ነበሩ» ብሎ ቢተረጉመው፣ ክፍሉ በሙሉ መሳቁ አይቀርም። ይሁን እንጂ ልጁ ያለ ምክንያት አልተሳሳተም። መምህሩ የሚጽፍበት ብላክቦርድ ዘወትር ከፊቱ አለ። ጥፋቱ አንዱን ትርጉም ይዞ ሌላውን በር ሁሉ በእርሱ ለመክፈት መሞከሩ ነው። መዝገበ ቃላት ቢገልጥም ጣውላ፣ ምግብ፣ ጉባኤ፣ መሳፈር የሚሉ የማይዛመዱ የሚመስሉ ትርጉሞች ተደርድረው ያገኛል። በቃሉ ታሪክ በኩል ሲታዩ ግን አብዛኞቹ ከአንድ እንጨት የተፈለጡ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ቦርድ ማለት የተፈለጠ ጣውላ ነበር። ከእርሱም ጋር በድምፅ የሚመሳሰል፣ ጠርዝን፣ በተለይም የመርከብን ጎን የሚያመለክት ቃል ነበረ። ሁለቱ እየተቀላቀሉ እንደ አንድ ቃል ተቆጠሩ። ስለዚህ «ኦን ቦርድ» በመርከብ ውስጥ መሆን፣ «ኦቨርቦርድ» ደግሞ ከመርከቡ ጎን አልፎ ወደ ባሕር መውደቅ ነው። መርከበኞች የመርከቡን ቀኝ ጎን «ስታርቦርድ» የሚሉትም የጥንቱ መቅዘፊያ መሪ በዚያ ጎን ይያዝ ስለ ነበር ነው። ግራው ጎን «ላርቦርድ» ይባል ነበር፤ ነገር ግን የሁለቱ ስም ድምፅ በትእዛዝ ጊዜ እየተምታታ ስላስቸገረ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1844 ግራው «ፖርት» ተብሎ እንዲጠራ አዘዘ።

ጣውላው ወደ ቤትም ገብቷል። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ መሳፍንት አዳራሽ የሚበላው ረዣዥም ጣውላ በመቆሚያ እግሮች ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ምግቡ ሲያበቃ ይነሣል። ስለዚህ ቦርድ ማለት የምግብ ጠረጴዛ ሆነ፤ ከዚያም በጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ምግብ ራሱ ቦርድ ተባለ። «ቦርድ ኤንድ ሎጂንግ» ማለት ምግብና ማደሪያ ነው። «ቦርዲንግ ስኩል» የሚለውም ስም የመጣው ከዚሁ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ እንግሊዞች ትምህርት ቤቱን በሚበላበት ምግብ ሲጠሩት፣ እኛ ግን አዳሪ ትምህርት ቤት ብለን በሚታደርበት ሌሊት ጠራነው። የቤተ ክህነቱን ተማሪ ግን በስንቁ ሰይመን የቆሎ ተማሪ እንለዋለን።

ሰዎች ሊመክሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ደግሞ ጉባኤው በጠረጴዛው ስም ተጠራ። ንጉሥ ዊልያም 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1696 የንግድንና የቅኝ ግዛትን ጉዳይ የሚከታተል ጉባኤ ሲያቋቁም ስሙ የንግድ ቦርድ ተባለ። ዛሬ በአማርኛችን የሥራ አመራር ቦርድ፣ የምርጫ ቦርድ የምንለው ከዚሁ የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ ማወቅ ለቋንቋ መምህር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በ1870 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው የትምህርት ሕግ መሠረት፣ ትምህርት ቤት ባነሰባቸው አካባቢዎች ግብር ከፋዩ የሚመርጣቸው የትምህርት ቦርዶች ተቋቋሙ። እነርሱ ያሠሯቸው ትምህርት ቤቶች «ቦርድ ስኩል» ተባሉ፤ በአብዛኛውም የድኻው ልጅ የሚማርባቸው ነበሩ። ሴቶች ለፓርላማ ድምፅ መስጠት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1918 ወዲህ ሲሆን፣ ለእነዚህ ቦርዶች ግን ገና በ1870 ኤልሳቤጥ ጋሬትና ኤሚሊ ዴቪስ በለንደን ተመርጠዋል። ቦርዶቹ በ1902 በወጣው ሕግ ቀሩ። እንግዲህ «ቦርድ ስኩል» የሚለውን አንብቦ «አዳሪ ትምህርት ቤት» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ፣ የድኻውን ልጅ ሰፈር ትምህርት ቤት ሄንሪ 6ኛ በ1440 እንደ መሠረተው እንደ ኢተን ካለው የባለጸጎች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ጋር ያምታታዋል። የተሳሳተው አንድ ቃል ብቻ ይመስለዋል፤ የተገለበጠበት ግን የአንድ ሕዝብ የትምህርት ታሪክ ነው።

ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ «ገበታ» የሚለው የራሳችን ቃል ይበቃል። ገበታ ከእንጨት የተጠረበ ጠፍጣፋ የመብያ ዕቃ ነው። ከዚያ የቀረበው ምግብ ራሱ ገበታ ተባለ። ሕፃን ሀሁ የሚቆጥርበትም የፊደል ገበታ ሆነ። ሠራተኛው በሥራ ገበታው ላይ ይገኛል፤ ተማሪም ከትምህርት ገበታ ቀረ ይባላል። ይህን የሚሰማ አበሻ ሁሉ ሳይደናገር ይረዳዋል፤ የሥራ ገበታ ሲባል እንጀራ የቀረበበት ሥፍራ ፈልጎ አይሄድም። እንግሊዛዊውም «ቦርድ» ሲባል የሚሰማው እንዲሁ ነው። ከእንጨት ወደ ምግብ፣ ከምግብም ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ የሚወስደውን መንገድ ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ ሄደውበታል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ታሪኩንም፣ ሳይንሱንም፣ ሒሳቡንም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ሲያጋጥም ትርጉሞቹን እንደ ዝርዝር አስጽፎ ማስሸምደድ ብቻ አይበቃም። በመጀመሪያ ዕቃውን እናሳይ፤ ቀጥሎ ሰዎች በዕቃው ምን ያደርጉበት እንደ ነበር እንጠይቅ፤ በመጨረሻም ተማሪው ራሱ ከአማርኛው ወይም ከአፍ መፍቻ ቋንቋው አቻውን እንዲፈልግ እንተወው። ያን ጊዜ «ሰሌዳ ላይ ነበሩ» ያለው ልጅ መሳቂያ መሆኑ ይቀርና፣ ጥያቄው ለክፍሉ ሁሉ የትምህርት መነሻ ይሆናል።