አስካሪውና ደንቡ

«ዐስከር» በዐረብኛ ጦር ወይም ሠራዊት ማለት ነው። የአማርኛው «አሽከር» ከዚሁ ቃል እንደ መጣ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። በስዋሂሊ ደግሞ «አስካሪ» ተብሎ የወታደሩም፣ የዘበኛውም፣ የፖሊሱም መጠሪያ ሆኗል። አንዱ ቃል ወደ ሐበሻ ደጋ ሲወጣ የጌታ ተከታይ፣ ወደ ሞምባሳ ሲወርድ የመንግሥት ጠመንጃ ያዥ ሆነ ማለት ነው። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን የኬንያ ፖሊስ ይተዳደርበት የነበረውን የሥነ ሥርዓት ደንብ ከምንጩ ጀምሮ ለተመለከተው ሰው ግን ሁለቱ ትርጉሞች ያን ያህል የሚራራቁ አይደሉም።

ምንጩ ያለው ናይሮቢ ሳይሆን ህንድ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1888 ቻርተር ያገኘው የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ኩባንያ በሞምባሳ ንብረቱን የሚጠብቁለት ዘበኞች ነበሩት። በ1895 የብሪታንያ መንግሥት አገሩን ከኩባንያው ተረከበ። በዓመቱ ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ፤ ለዚሁ ሥራ ከሠላሳ ሺህ በላይ ህንዳውያን ባሕር ተሻግረው መጡ። የህንድ ሕግም አብሮ መጣ። የወንጀለኛ መቅጫው፣ የማስረጃ ሕጉ፣ የፖሊስ ሕጉ ሁሉ ከዚያው የተቀዳ ነበር። በ1906 ፖሊሱ በራሱ ድንጋጌ ሲቋቋምም፣ በ1911 በናይሮቢ ማሠልጠኛ ሲከፈትለትም መንፈሱ አልተለወጠም።

የህንዱ የፖሊስ ሕግ የወጣው በ1861 ነው። ዓመቱ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ከ1857ቱ ታላቅ ዐመፅ ገና አራት ዓመት መቆጠሩ ነበርና። በ1829 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ፖሊስ መሣሪያ አልታጠቀም፤ ከሕዝቡ የተለየ ወታደር እንዳይመስል ብዙ ተደክሞለታል። ለቅኝ ግዛቶቹ የተመረጠው አርአያ ግን ይህ አልነበረም። የተመረጠው ጠመንጃ ይዞ፣ በሰፈር ተከትቶ፣ እንደ ጦር የሚታዘዘው የአየርላንድ ፖሊስ ነው። ቻርልስ ናፒየር በ1843 ሲንድን ድል አድርጎ ሲይዝ ፖሊሱን ያደራጀው በዚሁ አምሳያ ነበር። የ1861ዱም ሕግ በመግቢያው ላይ ፖሊስን የሚጠራው «መሣሪያ» ብሎ ነው። መሣሪያ ደግሞ ባለቤት አለው።

የኮንስታብሉ ግዴታ በተዘረዘረበት አንቀጽ ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ይገባል። ፊተኛው ግዴታ ሥልጣን ካለው አካል በሕጋዊ መንገድ የተሰጠውን ትእዛዝ ሳይዘገይ መፈጸም ነው። ቀጥሎ የሕዝብን ጸጥታ የሚመለከት ወሬ ሰብስቦ ማቀበል ይመጣል። ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከል ሦስተኛ ነው። ቤቱ የተሰረሰረበት ገበሬ ፖሊስ ቢጠራ፣ የሚመጣለት ሰው ከእርሱ ጉዳይ አስቀድሞ ሁለት ሌሎች ጉዳዮች ተጽፈውለታል።

ኮንስታብሉ ምንጊዜም በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል፤ ወደ የትኛውም ቀበሌ ሊላክ ይችላል። ያለ ፈቃድ ሌላ ሥራ ሊይዝ አይችልም። አገልግሎቱን ሊተው ቢሻ ወይ አለቃው መፍቀድ አለበት፣ ወይ የሁለት ወር ማስታወቂያ መስጠት ይኖርበታል። ለቀላል ጥፋት አለቃው ያለ ፍርድ ቤት እስከ አንድ ወር ደመወዝ ይቀጣዋል፤ እስከ ዐሥራ አምስት ቀን ከሰፈር እንዳይወጣ ያግደዋል፤ በዚያም ላይ የቅጣት ሰልፍ፣ ተጨማሪ ዘብና የጉልበት ሥራ ሊጨምርበት ይችላል።

ከበድ ላለው ጥፋት ቅጣቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ወይም እስከ ሦስት ወር እስራት ይደርሳል፤ ሁለቱም በአንድነት ሊፈረዱበት ይችላሉ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከፈቃድ ቀን አሳልፎ የቀረ፣ ሳያስፈቅድ ሌላ ሥራ የያዘ፣ ፈሪ ሆኖ የተገኘ፣ በእጁ ያለውን እስረኛ አለአግባብ የመታም በአንድ ገመድ ታስረው ይገኛሉ። እስረኛ መደብደብና ትርፍ ሥራ መያዝ በአንድ ሚዛን ተቀመጡ። «አለአግባብ» የምትለዋ ቃል ደግሞ አግባብ ያለው ዱላም እንዳለ ታመለክታለች፤ አግባቡን የሚወስነው ማን እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ናይሮቢ ጎዳና ላይ የቆመው። በ1915 በወጣው የምዝገባ ድንጋጌ መሠረት፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ጀምሮ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ «ኪፓንዴ» የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት በብረት ማኅደር ከትቶ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ተገደደ። ኪፓንዴውን አሳይ የሚለው አስካሪው ነበር። ሕግ አውጪውን ያላየ ሕዝብ አስካሪውን በየማዕዘኑ ያየዋል፤ ጥላቻውም የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

መጋቢት 14 ቀን 1922 ሃሪ ቱኩ ተያዘ። ቱኩ በመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ሠራተኛ የነበረ፣ ግብሩን፣ ኪፓንዴውን፣ የደመወዝ ቅነሳውንና የሴቶችን የግዳጅ ሥራ በመቃወም ስሙ የገነነ ወጣት ነው። በሦስተኛው ቀን ብዙ ሺህ ሰው በታሰረበት የፖሊስ ጣቢያ ፊት ተሰበሰበ። የሕዝቡ ተወካዮች ከመንግሥት ባለሥልጣን ጋር ተነጋግረው ሲመለሱ ሰዉ እንዲበተን ለመኑ፤ አንዳንዱም መንገድ ጀመረ። ሜሪ ሙቶኒ ንያንጂሩ የተባለች ሴት ግን ቀሚሷን ገልባ ወንዶቹን አሳፈረች፤ ሱሪያችሁን ስጡኝና ቀሚሴን ውሰዱ ማለቷ እስካሁን ይተረካል። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሕዝቡ ወደ ሳንጃው ገፋ፣ አስካሪዎቹም ተኮሱ። መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር 21 ነው፤ ሌሎች ከዚያ በላይ ይቆጥራሉ። ንያንጂሩ በፊተኞቹ መካከል ወደቀች።

በህንዱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አድማ እንዲበተን የማዘዝ ሥልጣን የዳኛው ወይም የጣቢያው አዛዥ እንጂ የተራው ኮንስታብል አይደለም። ያን ቀን ከጠመንጃው ጀርባ የቆመው ሰው ይህን ያህል ደንብ ተጭኖበት፣ ስለ መታዘዝ፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ፈሪነት እየተነገረው ኖሯል። ከፊቱ ስለ ቆመችው ሴት የሚናገር አንቀጽ ግን ለማግኘት ይቸግራል። እርሱም አፍሪካዊ ነበር፤ ኪፓንዴ ያንጠለጠለ ወንድምም ሳይኖረው አይቀርም።

ቱኩ ወደ ኪስማዩ ተጋዘ፤ ያች የወደብ ከተማ ያኔ በኬንያ ሥር ነበረች። እርሱ በግዞት ሳለ በ1925 ኪስማዩ ለኢጣሊያ ተላልፋ ተሰጠች። ቱኩ የተፈታው የግዞቱ ዘመን ወደ ዐሥር ዓመት ሲጠጋ ነው።

የእንግሊዞቹ የፖሊስ ሙያ ኢትዮጵያንም ሳይነካ አላለፈም። በጥር 1942 በተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት የብሪታንያ ተወላጅ የሆነ የፖሊስ ኮሚሽነርና የፖሊስ መኮንኖች እንዲመደቡ ተወስኗል፤ በዚያው ዓመት ስለ ፖሊስ አዋጅ ወጣ። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም፤ እነዚያ መኮንኖች የተቀጠሩት ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበር።

ህንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላ የ1861ዱ ሕግ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ኬንያም በ1963 ሰንደቅ ዓላማዋን ስትለውጥ ከቅኝ አገዛዙ የወረሰችውን የፖሊስ ሕግ ይዛ ቀጠለች። ያ ሕግ የተሻረው፣ አዲሱ ሕገ መንግሥት በ2010 ከጸደቀ በኋላ፣ በ2011 በወጣው የብሔራዊ ፖሊስ አገልግሎት ሕግ ነው። የመጨረሻው ተራ ፖሊስ መጠሪያ ግን በአዲሱም ሕግ «ኮንስታብል» እንደ ሆነ ቀርቷል።