የአያት ቅድመ አያት የሞት ቀን ፍለጋ በኢትዮጵያ

የሞት ቀን ፍለጋ አንድ የቤተሰብ አባል መቼ፣ የት እና እንዴት እንደሞተ ከወሳኝ ኩነት መዝገብ፣ ከፍርድ ቤት ፋይልና ከድሮ ጋዜጣ የሚያጣራ የትውልድ ሐረግ ጥናት ክፍል ነው። በኢትዮጵያ የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የሞተ ሰው ቀን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው የተለያዩ ማስረጃዎችን በማነጻጸር ነው።

መዛግብት

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፣ የምዝገባው ድንጋጌዎች ሥራ ላይ የሚውሉበትን ቀን ለሌላ ጊዜ አቆይቶት ነበር። በኋላ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ አገር አቀፍ ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ስለዚህ ለቀድሞ ዘመን ሰው የሞት ምስክር ወረቀት አለመገኘቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ንብረት ትቶ ለሞተ ሰው የተሻለው ምንጭ የወራሽነት ማረጋገጫ ፋይል ነው። ፋይሉ በመደበኛው ፍርድ ቤት ወይም ሙስሊም ከሆነ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ምስክሮቹ ቃላቸውን የሰጡት ሞቱ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል ቀኑን ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። የእድር መዝገብና የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍም ይረዳሉ።

ጋዜጦች

ብርሃንና ሰላም ከ1917 ዓ.ም. እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ታትሟል፤ አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ተጀምሯል። የድሮ ጋዜጦች በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይገኛሉ። ከኀዘን መግለጫ ሌላ የአርባ፣ የሙት ዓመትና የወራሽነት ማስታወቂያዎችን መመልከት ይጠቅማል። ጋዜጣው የወጣበት ቀን የሞት ቀን አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ቢያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቷል።

የቀን አቆጣጠር

በውጭ አገር ጋዜጣ የተገኘን ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ፣ ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ላለው ጊዜ 7፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ጳጉሜን እስኪያልቅ 8 ይቀነሳል።

ሽማግሌዎች ዓመቱን በቁጥር ሳይሆን በወንጌላዊ ስም ካስታወሱት፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ «አርበኞች ጫካ ሳሉ፣ በዘመነ ሉቃስ ሞተ» ከተባለ፣ ከ1927፣ ከ1931 እና ከ1935 ዓ.ም. ውስጥ በወረራው ጊዜ የሚውለው 1931 ብቻ ነው። ወሩና ዕለቱ ደግሞ ቤተሰቡ ተዝካር ሲያወጣ ከኖረበት ቀን ሊገኝ ይችላል።