ሰበታ ከተማ፦ በክረምት የሚሰበሰብ ቡድን

ከሰበታ አለፍ ብላ በጅማ መንገድ ላይ ለምትገኘው ተፍኪ፣ ቅርቡ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ሰበታ ከተማ ነበር። ክለቡ በ2011 ዓ.ም. ከወልቂጤ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ። በዚያው ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺሕ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ።

የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮንና ያለ ወራጅ ተሰረዘ። ለ2013 ክለቡ የብሔራዊ ቡድኑን የቀድሞ አሠልጣኝ አብርሃም መብራቱን ቀጠረ። መቼም ትልቅ ስም ነው። ይሁንና በዚያ ዓመት ክለቦች በሙሉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ ይጫወቱ ስለነበር፣ የተፍኪ ሰው ቡድኑን የሚያገኘው ዲኤስቲቪ ካለበት ቤት ነበር። በ2014 ሰበታ ከጅማ አባ ጅፋርና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ።

የሕግ ሰው ነኝና ስለ ውሉ ጥቂት ልበል። በፊፋ ደንብ መሠረት የሁለት ወር ደመወዝ ያለአግባብ የቀረበት ተጫዋች፣ ለክለቡ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። በአገራችን ደግሞ የአብዛኞቹ ክለቦች ደመወዝ ከመንግሥት ካዝና ነው የሚወጣው። የደመወዝ ጣሪያ ማበጀት ካዝናውን አይሞላም፤ በክረምት የፈረመ ተጫዋች በየካቲትም ይበላል! በእኔ እምነት ከአስፈራሚው በፊት ከፋዩ መታወቅ አለበት።

ሰበታ በ2015 ዓ.ም. ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። አስተዳደሩ ለእግር ኳስ የሚመድበው ገንዘብ፣ የዝውውሩ ወጪ ለብቻው ተለይቶ፣ ለነዋሪው ይነገር።