ጎርናናው ሣጥን

ሰብዉፈር የተባለው የወፍራም ድምፅ ሣጥን ቤቴ የገባ ዕለት የመጀመሪያውን አስተያየት የሰጠችኝ ጎረቤቴ ናት። «ወፍጮ ተከሉ እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የከፈትሁት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ዘፈን ነበር። በትንንሾቹ እስፒከሮች የቤዝ ጊታሩ መኖር እንጂ የሚለው ነገር አይታወቅም ነበር። አሁን ደግሞ አንዲት ኖታ ብቻ ታጓራለች፤ ሌሎቹ የሉም። ጥፋቱ የሣጥኑ ነው ወይስ የእኔ? መልሱን ፍለጋ ታሪኩን ማገላበጥ ያዝሁ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሰፊው ተመልካች ከዚህ ድምፅ ጋር የተዋወቀው በድንጋጤ ነው። በ1974 ዩኒቨርሳል የተባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚተርክ ፊልም አወጣና፣ «ሴንሰራውንድ» በተባለ ዘዴ ግዙፍ ሣጥኖችን በሲኒማ ቤቶች ደረደረ። በሆሊውዱ ቻይኒዝ ቴአትር ከጣሪያው የሚረግፍ ልስን ሰው ላይ እንዳይወድቅ መረብ እስከ መዘርጋት ተደርሷል።

ለፊልም ማንቀጥቀጡ ይበቃል። ለሙዚቃ ግን ሣጥኑ ከሌሎቹ እስፒከሮች ጋር መስማማት አለበት። በ1976 የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ የነበረው ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝ ከባልደረባው ከረስ ራይሊ ጋር የደረሰበትን መላ አሳተመ። ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ነጥብ ላይ ሁለቱም 6 ዴሲቤል ዝቅ ይላሉ፤ እርምጃቸው አንድ ስለሆነ ድምራቸው ሙሉ ይሆናል። ነገሩ ቃሬዛ እንደ መሸከም ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ይጠፋፋሉ።

በኋላም የቶምሊንሰን ሆልማን ሥራ የሆነው ቲኤችኤክስ ለቤት ባወጣው ደንብ መተላለፊያው 80 ኸርዝ ላይ ሆነ። የዚህ ድምፅ ሞገድ 4.3 ሜትር ያህል ይረዝማል። በሁለቱ ጆሮዎቻችን መካከል ያለው ርቀት ለእርሱ ከቁጥር ስለማይገባ፣ ከየት እንደመጣ ለመለየት እንቸገራለን። ሊያስደነግጥ የመጣው ሣጥን እንዲህ መደበቅን ተማረ።

የእኔስ ለምን አልተደበቀም? ሜትር አውጥቼ ሳሎኔን ለካሁ፤ 4.2 ሜትር። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ይመታል፤ ሞገዱ 8.4 ሜትር፣ ማለትም የሳሎኔ እጥፍ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ራሱን ያሳብጣል። እኔ ደግሞ ሣጥኑን ጥግ ወትፌ፣ ይበልጥ የሚያብጥበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

የአዋቂዎቹን ምክር ተከተልሁ። ሣጥኑን ከመቀመጫዬ ላይ አውጥቼ ዘፈኑን ከፈትሁና በግድግዳው ሥር በጉልበቴ እየዳሁ አደመጥሁ። ኖታዎቹ እኩል የተሰሙኝ መስኮቱ አጠገብ ነበር፤ ሣጥኑን እዚያ አኖርሁት። መተላለፊያውን 80 ላይ አደረግሁ። የፌዙን ማብሪያ ወዲያና ወዲህ ገልብጬ ድምፁ በሞላበት በኩል ተውሁት። ከዚያም ሣጥኑ መኖሩ እስኪረሳኝ ድምፁን ዝቅ አደረግሁ።

ያን ጊዜ ቤዝ ጊታሩ ተናገረ። ከድምፃዊው ሥር ሥር እየሄደ፣ ሲደክም እየደገፈ፣ ሲያርፍ እየመለሰ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ተጫውቶ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

በማግሥቱ ጎረቤቴን ደጅ አገኘኋት።

«ወፍጮውን ሸጡት?» አለችኝ።