ሁለት መጨረሻ ያለው ድርሰት

ተረትና ልብ ወለድ ታሪክ ጊዜ ለማሳለፊያ ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሰው ገና ሳያገባ ስለ ትዳር፣ ገና ሳያፈቅር ስለ ፍቅር የሚማረው በመጀመሪያ ከቤተ ሰቡ፣ ቀጥሎም ከሰማውና ካነበበው ታሪክ ነው። ስለዚህ ደራሲ ስለ ፍቅር የሚጽፈው ቃል በወጣት ልብ ውስጥ እንደ ዘር ይወድቃል፤ መልካምም ቢሆን ክፉ፣ ጊዜው ሲደርስ መብቀሉ አይቀርም።

በዚህ ጽሕፈት ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ ይህ ነው። በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ፍቅር የአንድ ለአንድ ብቻ መሆን ይገባዋልን? ወይስ ሁሉም እያወቁና እየፈቀዱ ሦስትና ከዚያም በላይ ሆነው ሊፋቀሩ ይችላሉ? ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ጥያቄ በእናንተ ዘመን የተወለደ ሊመስላችሁ ይችላል። ጌም በምትሉት፣ ተጫዋቹ ራሱ የታሪኩ ባለቤት በሚሆንበት የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ «አንዷን ልምረጥ ወይስ ሁለቱንም?» የሚል ምርጫ ይቀርብላችኋልና። ጥያቄው ግን እጅግ የቆየ ነው። ከብዙዎቹ ምሳሌዎች መካከል ከጀርመን አገር የተገኘውን አንዱን መርጬ እተርክላችኋለሁ። የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ካቴድራል ውስጥ አንድ የቆየ የመቃብር ድንጋይ አለ። በድንጋዩ ላይ አንድ መስፍን በመካከል፣ ሁለት ሴቶችም በግራና በቀኙ ሆነው ተቀርጸዋል። ሕዝቡ ስለዚህ ድንጋይ የሚያወራው ተረት እንዲህ ነው። ግላይኸን የሚባለው አገር መስፍን ሚስቱን በቤቱ ትቶ ወደ መስቀል ጦርነት ዘመተ፤ በዚያም ተማረከ። የሱልጣኑ ልጅ አየችውና ወደደችው፤ ቢያገባት ከእስራት ልታወጣው ቃል ገባችለት። እርሱም ሚስት እንዳለው ሳይደብቅ እሺ አለ። ሁለቱም አምልጠው ሮም በደረሱ ጊዜ ጳጳሱ ፈቀዱላቸው። የመጀመሪያይቱ ሚስት ደግሞ ልጅቱን የባሏን ሕይወት ያዳነች እኅት አድርጋ በደስታ ተቀበለቻት። ሦስቱም በሰላም ኖረው በአንድ መቃብር ተቀበሩ ይባላል።

የታሪክ ሊቃውንት ግን ይህን አይቀበሉትም። ድንጋዩ የሚያሳየው አንዲቱ ከሞተች በኋላ ሁለተኛይቱን ያገባ መስፍን ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሕዝቡ ድንጋዩን አየና ታሪኩን ፈጠረለት። ተረቱ ምን ያህል ነገር እንዳቀለለ ተመልከቱ! ሚስትም ፈቀደች፣ ጳጳሱም ባረኩ፣ ልጅቱም ባለውለታ ሆነች። የሚያለቅስ ሰው የለም። የሰው ልብ እንዲህ ያለውን መጨረሻ ይመኛል፤ ምኞቱም በራሱ ነውር አይደለም።

አሁን ደግሞ ከተረቱ ወደ እውነተኛው ታሪክ እንሻገር። የሔሰን ገዢ የነበረው ፊሊፕ በ1523 የሳክሶንን መስፍን ልጅ ክርስቲናን አግብቶ ብዙ ልጆች ወልዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ማርጋሬተ ፎን ዴር ዛለ የምትባል ወይዘሮ ወደደ። ክርስቲናን መፍታት አልቻለም፤ ማርጋሬተንም መተው አልፈለገም። ስለዚህ ማርቲን ሉተርንና ሜላንክቶንን ምክር ጠየቃቸው። እነርሱም በ1539 ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ነገሩ በምስጢር የሚጠበቅ ከሆነ ሁለተኛ ሚስት እንዲያገባ ፈቀዱለት። ክርስቲናም ፈቃዷን በጽሑፍ ሰጠች። መጋቢት 4 ቀን 1540 ሠርጉ በሮተንቡርግ ተፈጸመ።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና የሉተር ስም ከሕፃንነቴ ጀምሮ በክብር ሲነሣ የሰማሁት ስም ነው። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል። ነገር ግን ታሪክ የሚወዱትን ሰው ጥፋት የሚሸፍን ከሆነ ታሪክ መሆኑ ይቀርና ውዳሴ ይሆናል። ምስጢሩ ዓመት እንኳ አልቆየም፤ ወጣ። በ1532 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ የካርል አምስተኛ ሕግ በሚስት ላይ ሚስት ያገባን ሰው በሞት ይቀጣ ነበር። ሉተርም ነገሩ እንዲካድ መከረ። ፊሊፕ ራሱን ለማዳን በ1541 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውል ተዋዋለ፤ በዚህም የራሱ ወገኖች የነበሩት የፕሮቴስታንት መሳፍንት ኃይል ደከመ። ከማርጋሬተ የወለዳቸው ልጆችም የአባታቸውን ግዛት እንዲወርሱ አልተፈቀደላቸውም።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚስት ፈቃድ ነበረ፤ የሊቃውንትም ፈቃድ ነበረ። ተረቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ተሟልቷል። ታዲያ ስለ ምን ተበላሸ? ፈቃዱ የተሰጠው ነገሩ እንዳይታወቅ በሚል ስምምነት ስለ ሆነ ነው። ፈቃድና ምስጢር በአንድ ቤት አይኖሩም። በአደባባይ ሊናገሩት የማይቻል ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ከአቅም ማጣት የመጣ ዝምታ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል አልፎ፣ ጎተ የሚባለው ታላቁ የጀርመን ባለ ቅኔ በ25 ዓመት ዕድሜው «ስቴላ» የሚባል የቲያትር ድርሰት ጻፈ። ድርሰቱ በ1776 ታተመ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፈርናንዶ የተባለ ሰው ሚስቱን ሴሲሊያንና ሴት ልጁን ሉሲን ጥሎ ሄደ። ከዚያም ስቴላ የምትባል ወጣት ወደደ፤ እርሷንም ደግሞ ትቷት ሄደ። ከዓመታት በኋላ ሴሲሊያ በችግር ላይ ስለ ነበረች ልጇን በአጃቢነት ልታስቀጥር ወደ አንዲት ደግ እመቤት ቤት ይዛት መጣች፤ እመቤቲቱም ስቴላ ነበረች። በዚያው ቀን ፈርናንዶ ወደ ስቴላ ተመልሶ መጣ። ሁለቱም ሴቶች የሚያለቅሱለት ሰው አንድ መሆኑን ዐወቁ።

ጎተ ይህን ቋጠሮ እንዴት ፈታው? ሴሲሊያ ያንን የግላይኸንን መስፍን ተረት ለባሏ ትተርክለታለች። ከዚያም ሦስቱ ተቃቅፈው አብረው ሊኖሩ ይስማማሉ፤ መጋረጃውም ይወርዳል። ድርሰቱ በወጣ ጊዜ ከቀሳውስት ወገን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣበት። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1806፣ ጎተ ራሱ በሚመራው በቫይማር ቲያትር ቤት ድርሰቱን በሌላ መጨረሻ አሳየው። በዚህኛው ስቴላ መርዝ ትጠጣለች፤ ፈርናንዶም ራሱን በሽጉጥ ይገድላል። ጎተ በኋላ ሲጽፍ፣ ልማዳችን በአንድ ለአንድ ጋብቻ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ የአንድ ወንድና የሁለት ሴቶች ነገር በመድረክ ላይ ሊታረቅ አይችልም የሚል አሳብ ሰጥቷል።

እኔ ግን ሁለቱንም መጨረሻዎች ሳስተያያቸው ሁለቱም ከአንድ ጥያቄ የሚሸሹ ሆነው አገኛቸዋለሁ። የመጀመሪያው በእቅፍ ያልቃል፤ ሁለተኛው በሞት ያልቃል። በማግሥቱ ጠዋት በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን አንዳቸውም አያሳዩም። ማን ታሞ ማን ያስታምማል? ልጅ ሲወለድ፣ ገንዘብ ሲጎድል፣ እርጅና ሲመጣ ምን ይሆናል? ደግሞም በመጀመሪያው መጨረሻ ዕርቁን የደከመችበት የተበደለችው ሴሲሊያ ናት። ሁለት ጊዜ ቃሉን ያፈረሰው ፈርናንዶ ምንም አልተጠየቀም፤ ሽልማት ብቻ ተቀበለ። ልጅቱ ሉሲም «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚላት ሰው አላገኘችም።

ይህን ስጽፍ በብዙ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ያየኋቸው ልጆች ትዝ ይሉኛል። በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚስት ላይ ሚስት ማግባትን ከልክሏል። ይሁን እንጂ ቀን በአንዱ ቤት፣ ማታ በሌላው ቤት የሚያድር አባት በሕግ መጽሐፍ ብቻ አልጠፋም። በምዝገባ ጊዜ «አባትህ የት ይኖራል?» ሲባል ወደ መሬት የሚያይ ልጅ አይቻለሁ። በአንድ ክፍል ተቀምጠው የአባታቸው ስም አንድ ሆኖ ሳለ፣ እኅትማማች መሆናቸውን ሳያውቁ የተጣሉ ልጃገረዶች አይቻለሁ። በልብ ወለዱ ውስጥ የሉሲን ዝምታ ማንም አያስተውለውም ይሆናል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ዝምታ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ።

የእኛ አገር ልብ ወለድ ምን አስተማረን ብትሉኝ፣ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አነሣላችኋለሁ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል የመደብ ልዩነት አለያያቸው እንጂ ልባቸው ለሌላ አልተካፈለም። የመጽሐፉ ስም ራሱ መለኪያ ሆኖ በብዙ አንባቢ ልብ ቀርቷል። ነገር ግን ይህም ታሪክ ከጋብቻ በፊት ያለውን ናፍቆት እንጂ አብሮ ማርጀትን አያሳይም። አብሮ የማርጀትን ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ በየአገሩ ጥቂት ነው፤ እንባና እቅፍ ለመጻፍ ይቀላልና።

አሁን ወደ እናንተ ጨዋታ ልምጣ። የልጅ ልጆቼ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጬ መጠየቅ ልማዴ ነው፤ በዚህም ያልጠበቅሁትን ቁም ነገር አግኝቻለሁ። በ1994 በጃፓን አገር የወጣው «ቶኪሜኪ ሜሞሪያል» የሚባለው ጨዋታ አንድ ተማሪ ሦስት ዓመት ተምሮ በመጨረሻው ቀን ከዛፍ ሥር የምትጠብቀውን አንዲት ልጅ የሚያገኝበት ነው። በመካከል ግን የተዋወቃትን ልጅ ቸል ቢል በስሟ አጠገብ የቦምብ ሥዕል ይወጣል፤ ቦምቡም ሲፈነዳ የሌሎቹንም ልጆች ልብ ያሻክርበታል። በ1994 አንድ ጨዋታ ሠሪ፣ የተናቀ ሰው ሐዘን በእርሱ ላይ ብቻ እንደማይቀር ዐውቆ ነበር ማለት ነው። በ2004 በእንግሊዝ አገር የወጣው «ፌብል» ደግሞ ጀግናው በየከተማው ሚስት እንዲያገባ ይፈቅዳል፤ ይህ ነገር የገንዘብ ከረጢትን ከመሙላት ብዙ አይለይም።

በ2023 የቤልጅግ አገር ሰዎች ያወጡት «ባልዱርስ ጌት 3» ግን ከዚህ ይለያል። በዚያ ሐልሲን የሚባል ሰው አለ። ተጫዋቹ ሌላ ወዳጅ እንዳለው ሲያውቅ፣ በመጀመሪያ ከዚያ ወዳጅህ ጋር ተነጋገር ይለዋል። ከወዳጆቹም አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ፍቅሬን ከሌላ ጋር አልካፈልም ብለው እንቢ ይላሉ። እኔ የሦስት ሰው ፍቅርን የማልደግፍ ሽማግሌ ብሆንም ይህን ሳይ አንድ ነገር መመስከር ግድ ሆነብኝ። በስም አንድ ለአንድ ሆኖ በስውር ሁለት ቤት ከሚያስተዳድር ሰው ይልቅ፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያሉት ሰዎች የበለጠ እውነት አላቸው። እንቢታ የሚከበርበት ቦታ የሔሰኑ ፊሊፕ ካገኘው የምስጢር ፈቃድ ይሻላል።

ነገር ግን በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጎተ መጨረሻውን ለመለወጥ ሠላሳ ዓመት ፈጀበት። ተጫዋች ግን በአንድ ማታ እንቢ የተባለበትን ቦታ ሰርዞ፣ ወደ ተቀመጠው ቦታ ተመልሶ፣ ሌላ ቃል ተናግሮ እሺታን ያገኛል። በእውነተኛው ኑሮ ግን የተነገረ ቃል አይሰረዝም፤ የተጎዳ ሰውም ወደ ትናንት አይመለስም።

አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ። ይህ ተረት የሚያዝነው ለሚወጣው ሰው ነው፤ እንዳይወድቅ። እኔ ግን ስለ ዛፎቹም አስባለሁ፤ ሰዎች ናቸውና። አንድ ለአንድ መሆንን የምመርጠው ልማድ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ሰው ታሞ ሲወድቅ፣ መልኩ ሲጠፋ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ሙሉ ሰው ያስፈልገዋል። አንድ ሰው ደግሞ ሙሉ ራሱን ሊሰጥ የሚችለው ለአንድ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለአንድ ሰው እንኳ መስጠቱ ዕድሜ ልክ የሚያስደክም ሥራ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ የፍቅር ታሪክ ስታነቡም ሆነ ስትጫወቱ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሉም እውነቱን ያውቃሉን? እንቢ ለማለት የሚችሉ ናቸውን? መጋረጃው ከወረደ በኋላ የሚያስታምመው፣ ልጁንም የሚያሳድገው ማን ነው? ደራሲው ለነዚህ መልስ ካልሰጣችሁ እናንተ ፈልጉ። ለታሪኩ የጠየቃችሁትን ደግሞ ለራሳችሁ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። ያን ጊዜ ልብ ወለዱ ከመምህር ያላነሰ ጥቅም ይሰጣችኋል።